የሮቦት መገጣጠሚያ ኪት ሲመርጡ፦ ከሣጥኑ በፊት መለዋወጫውን ማየት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሰፈራችን ልጆች የቅዳሜ ክበብ ሌጎ የተባለው የመጫወቻ ጡብ አምራች የሠራው አንድ ያገለገለ ኢቪ3 ሮቦት ከውጭ በሻንጣ መጣልን። ሻጩ «የተሟላ ነው» ብሎ ያቀረበው ሣጥን ሲከፈት ሞተሮቹም ሴንሰሮቹም (ንክኪን፣ ብርሃንን ወይም ርቀትን የሚለዩት ክፍሎች) በቦታቸው ነበሩ፤ እነሱን ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኙት ኬብሎች ግን አንድም አልነበሩም። ኬብሉ የቤት ስልክ ገመድ ስለሚመስል በቀላሉ የሚተካ መስሎን መርካቶ ወርደን የስልክ ገመድ ገዛን። ሆኖም የስልኩ ገመድ መቆለፊያ ምላስ መሃል ላይ ሲሆን የሌጎው ወደ አንድ ጎን ገፋ ብሎ የተሠራ በመሆኑ አልገባም። ትክክለኛዎቹ ኬብሎች በሌላ መንገደኛ እጅ እስኪደርሱን ድረስ ልጆቹ ሮቦቱን ከማየት በቀር ምንም ሊሠሩበት አልቻሉም፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በዚያው ቀሩ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ለልጅ፣ ለክበብ ወይም ለራሳቸው የትርፍ ጊዜ ሥራ የሮቦት ኪት ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽሩት በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የቁራጭ ብዛትና የሮቦቶቹን ሥዕል ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «አንድ ፒን (ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ትንሽ ማያያዣ) ቢጠፋ፣ አንድ ገመድ ቢቆረጥ፣ ባትሪው ቢሞት ምትኩን ከየት አገኛለሁ?» የሚለው ነው እላለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ኪቶች ሁሉ ጥሩ መማሪያዎች ናቸው፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ግን እጅግ ይለያያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሌጎ ቤተሰብ፦ ስሙ አንድ፣ ትውልዱ ብዙ

ሌጎ ለሮቦት ኪቶቹ ያወጣው ማይንድስቶርምስ የሚለው ስም በአራት ትውልዶች ላይ ውሏል፦ በ1998 የወጣው አርሲኤክስ፣ በ2006 የወጣው ኤንኤክስቲ፣ በ2013 የወጣው ኢቪ3 እና በ2020 የወጣው ሮቦት ኢንቬንተር። ኩባንያው በ2022 መጨረሻ ስሙን ከገበያ አውጥቶታል። ለትምህርት ቤቶች ታስቦ በ2020 መጀመሪያ ላይ መሸጥ የጀመረው ስፓይክ ፕራይምም የዚሁ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ የእሱም ሽያጭ በ2026 እንደሚያበቃ አምራቹ አስታውቋል። እንግዲህ ዛሬ ሌጎ ሮቦት የሚገዛ ሰው የትኛውንም ቢመርጥ የሚገዛው ምርቱ የቆመ ወይም ሊቆም የተቃረበ ዕቃ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ አለበት። ይህ ግን ሊያስፈራ አይገባም፤ ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ብዛት እጅግ ትልቅ በመሆኑ ያገለገለውና ሳይከፈት የቆየው መለዋወጫ ለብዙ ዓመታት መገኘቱ አይቀርም።

ሌጎን ከሌላው የሚለየው ፕላስቲኩ ከትውልድ ትውልድ አለመለወጡ ነው። በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 8 ሚሊሜትር፣ የቀዳዳው ስፋትም 4.8 ሚሊሜትር ሆኖ ስለቀጠለ፣ ከመጀመሪያው ኪት የተረፈ ቁራጭ ከስፓይክ ቁራጭ ጋር ያለ ችግር ይገጥማል። ስለዚህ ፒን፣ አክስል (ጎማ የሚዞርበት ዘንግ)፣ ባለቀዳዳ አግዳሚና ባለጥርስ ጎማ ሲፈልጉ የትኛው ትውልድ እንደሆነ መጨነቅ አያስፈልግም።

የኤሌክትሪኩ ክፍል ታሪክ ግን ሌላ ነው። አርሲኤክስ ገመዶቹን የሚያገናኘው በብረት በተለበጡ ትንንሽ የሌጎ ጡቦች ሲሆን፣ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተር የሚቀበለውም እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ይህን ዛሬ መግዛት የምመክረው አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስብ ሰው ብቻ ነው። ኤንኤክስቲና ኢቪ3 ያንን ምላሱ ወደ ጎን የሆነ ኬብል በጋራ ይጠቀማሉ፤ የኤንኤክስቲ ሞተር ኢቪ3 ላይ ይሠራል፣ የኢቪ3 መቆጣጠሪያም አብዛኞቹን የኤንኤክስቲ ሴንሰሮች ይቀበላል፤ በተቃራኒው ግን አብዛኞቹ አዲሶቹ የኢቪ3 ሴንሰሮች ከኤንኤክስቲ ጋር አይግባቡም። ሮቦት ኢንቬንተርና ስፓይክ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ፣ ጠፍጣፋና ባለ ስድስት መስመር መሰኪያ አላቸው። የኢቪ3 ሞተር በዚህ መሰኪያ በቀጥታ ሊሰካ አይችልም። አንዳንድ ሻጮች «ከሁሉም ሌጎ ጋር ይሠራል» ብለው ሲጽፉ የሚናገሩት ስለ ፕላስቲኩ መሆኑን ልብ ይበሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት አንድ ልዩነት አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የኢቪ3 ኬብል በሁለቱም ጫፍ ይነቀላል፤ ኬብሉ ቢቆረጥ ኬብሉን ብቻ ይቀይራሉ። የስፓይክና የሮቦት ኢንቬንተር ኬብል ግን ከሞተሩ ወይም ከሴንሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ውሻ ወይም ሕፃን ቢያኝከው፣ ወይም በማርሽ መካከል ገብቶ ቢበጠስ፣ ገመዱን መበየድ የሚችል ሰው ካልተገኘ ሞተሩ አብሮ ይጠፋል። ብዙ ልጆች በሚነኩት ክበብ ውስጥ ይህ ልዩነት በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን ያሳያል።

ባትሪን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ኢቪ3፣ ኤንኤክስቲና አርሲኤክስ በየሱቁ በሚገኙት ስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራሉ። እነዚህ አዲስ ሲሆኑ አንዳንዳቸው 1.5 ቮልት፣ በድምሩ 9 ቮልት ይሰጣሉ፤ ቻርጅ የሚደረጉት ደግሞ አንዳንዳቸው 1.2 ቮልት በመሆናቸው ድምሩ 7.2 ቮልት ይሆንና ሞተሩ በመጠኑ ቀስ ይላል፣ ሥራው ግን አይስተጓጎልም። ስፓይክና ሮቦት ኢንቬንተር የሚሠሩት ለእነሱ ብቻ በተዘጋጀ የሊትየም ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ በማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ ስለሚደረግ በስልክ ቻርጀርና መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በፓወር ባንክ መሙላት ይቻላል፤ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ዕድሜው ሲያልቅ ግን ከሱቅ በባትሪ ድንጋይ የሚተካ አይደለም።

በሶፍትዌር በኩል የሮቦት ኢንቬንተር ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አምራቹ ለመተግበሪያው የሚሰጠው ድጋፍ በ2024 መጨረሻ ላይ የሚያበቃ መሆኑን ቀድሞ አሳውቆ ነበር። ደግነቱ የሮቦት ኢንቬንተርና የስፓይክ ፕራይም መቆጣጠሪያ ከቀለማቸው በቀር ውስጣቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ስድስት መሰኪያና ሃያ አምስት መብራቶች ያሉት ገጽ አላቸው፤ ፓይብሪክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም ሁለቱንም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዲታዘዙ ያደርጋቸዋል። ለኢቪ3 ደግሞ ኢቪ3ዴቭ የተባለ፣ በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ተጭኖ መቆጣጠሪያውን ሊኑክስ በተባለው ነፃ ሥርዓት ወደሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር የሚለውጥ ሶፍትዌር አለ፤ ካርዱን ሲያወጡት መቆጣጠሪያው ወደ ቀድሞው ሁኔታው ይመለሳል። ካርዱ ከ32 ጊጋባይት መብለጥ የለበትም። እነዚህ ሁለት የበጎ ፈቃደኞች ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ ምርታቸው የቆመ ኪቶችን እንዲገዛ ለማንም በድፍረት አልመክርም ነበር።

ያገለገለ ኢቪ3 ሲገዙ ሻጩን በፎቶግራፍ እንዲያሳይዎት የሚጠይቁት ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ መቆጣጠሪያው በርቶ የሚታይ ስክሪን፣ ምክንያቱም መስመር የጎደለው ስክሪን በቀላሉ አይጠገንም። ሁለተኛ፣ የባትሪው ቤት ተከፍቶ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ፈሷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ኬብሎቹ አንድ በአንድ ተዘርግተው።

ትንንሾቹን ቁርጥራጮች በቁጥር መፈለግ

በአብዛኞቹ የሌጎ ቁርጥራጮች ውስጠኛ ገጽ ላይ በጣም ትንሽ ሆኖ የታተመ ቁጥር አለ። ይህ የቅርጹ ቁጥር ነው። ቅርጹና ቀለሙ አንድ ላይ የሚታወቁበት ሌላ፣ ረዘም ያለ ቁጥርም አለ፤ ሁለቱን ማደባለቅ የተሳሳተ ዕቃ ያስመጣል። ለምሳሌ በየትኛውም ሮቦት ውስጥ በብዛት የሚገኘው፣ በብዛትም የሚጠፋው አጭር ጥቁር ፒን የቅርጽ ቁጥሩ 2780 ነው፤ ረጅሙ ሰማያዊ ፒን 6558፣ ግማሹ ፒን ግማሹ አክስል የሆነው ሰማያዊ ቁራጭ 43093፣ ባለ አሥራ አምስት ቀዳዳው ረጅም አግዳሚ 32278 ነው። ከባለጥርስ ጎማዎች ባለ 8 ጥርሱ 3647፣ ባለ 24ቱ 3648፣ ባለ 40ው 3649 ናቸው። ይህን ቁጥር በፍለጋ ሳጥን ላይ መጻፍ «ጥቁር ትንሽ ማያያዣ» ብሎ ከመፈለግ በብዙ ይሻላል።

ለነጠላ ቁራጭ ግዢ ትልቁ የገበያ ቦታ በ2000 የተመሠረተውና ሌጎ ራሱ በ2019 የገዛው ብሪክሊንክ ነው። እዚያ በየአገሩ ያሉ ትንንሽ ሻጮች እያንዳንዱን ቁራጭ በሳንቲም ዋጋ ይዘረዝራሉ። ችግሩ መላኪያው ነው፤ ከአራት የተለያዩ ሻጮች አሥር አሥር ቁራጭ መግዛት ከዕቃው ይልቅ ለመላኪያው መክፈል ይሆናል። ስለዚህ የሚፈልጉትን ዝርዝር አጠራቅመው፣ ሁሉንም ወይም አብዛኛውን የያዘ አንድ ሻጭ ይምረጡ፤ ዕቃውም ወደ ኢትዮጵያ ሳይሆን ሊመጣ ያሰበ ዘመድ ወዳለበት አድራሻ ቢላክ ይቀላል። በሜሪላንድ፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ የሚኖር እኅት ወይም ወንድም በሻንጣው ጥግ የሚይዘው ሦስት መቶ ግራም ፒን አንድን ክበብ ለዓመት ያቆየዋል።

ከቻይና ስለሚመጡ ተመሳሳይ ቁርጥራጮች ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሕጋዊነታቸውን በተመለከተ፣ የጡቡ መሠረታዊ የፈጠራ መብት በ1958 የተመዘገበ ሲሆን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በመስከረም 2010 የጡቡ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ሊጠበቅ እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ የሌላውን ስምና አርማ እስካልተጠቀመ ድረስ ተመሳሳይ ጡብ መሥራት የተፈቀደ ነው። በጥራት በኩል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ አግዳሚና የማዕዘን ቁርጥራጭ ከርካሹ ቢገዙ ጉዳት የለውም፤ ፒን ግን ሲጠብቅ የልጅ ጣት የማይነቅለው፣ ሲላላ ደግሞ ሮቦቱን የሚያፈርስ ስለሚሆን መጀመሪያ በትንሹ አዝዘው ይሞክሩት፤ ባለጥርስ ጎማና አክስል ከዋናው አምራች ይሁን። ጎማዎቹ በትክክል የሚነካከሱት ርቀታቸው ስለተሰላ ነው። የባለ 8 ጥርሱ ጎማ ሬዲየስ 4 ሚሊሜትር፣ የባለ 24ቱ 12 ሚሊሜትር በመሆኑ ሁለቱ ሲገናኙ 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም ልክ ሁለት ቀዳዳ ርቀት ይወስዳሉ። ባለ 24ቱና ባለ 40ውም ሲገናኙ አራት ቀዳዳ ይሞላሉ። ሻጋታው ትንሽ የተዛባ ጎማ ይህን ሒሳብ ያበላሸውና በጭነት ጊዜ ጥርሱ ይንሸራተታል፤ ልጁም ስህተቱ የራሱ ፕሮግራም መስሎት ሲደክም ይውላል።

ቬክስ አይኪው

በአሜሪካው ቬክስ ሮቦቲክስ የሚመረተውና በ2013 የወጣው ቬክስ አይኪውም ያለ መሣሪያ በፒን የሚገጣጠም የፕላስቲክ ኪት ነው። መቆጣጠሪያው አሥራ ሁለት መሰኪያዎች አሉት፤ ሞተርም ሆነ ሴንሰር በየትኛውም ሊሰካ ይችላል። ኢቪ3 ግን አራት ለሞተር፣ አራት ለሴንሰር የተለዩ መሰኪያዎች ብቻ አሉት። በእጅ የሚያዝ የመንጃ ሪሞት መኖሩም ፕሮግራም ገና ያልጀመሩ ልጆችን በመጀመሪያው ቀን ያስደስታል። አምራቹ ፒኑንም አግዳሚውንም በትንንሽ ጥቅል ለብቻ ስለሚሸጥ፣ አዲስ መለዋወጫ ከምንጩ ማግኘትን በተመለከተ ዛሬ ከሌጎ የተሻለ ነው።

የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። የቀዳዳዎቹ ርቀት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር በመሆኑ ከሌጎ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም፤ በቤት ያለ የሌጎ ክምችት አይጠቅምም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሰው ከሌጎ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። አሜሪካ የሚኖሩና ልጃቸው ትምህርት ቤቱ ውስጥ በቬክስ ውድድር የሚሳተፍ ወላጆች ያለ ማመንታት ቢገዙት አይቆጩም፤ ለአዲስ አበባ ቤት ግን ሁለተኛ ምርጫዬ ነው።

ፊሸርቴክኒክ

ግድግዳ ላይ ቡሎን ስናስር በቀዳዳው ውስጥ የምንከትተውን ፕላስቲክ ሁላችንም «ፊሸር» እንለዋለን። ይህ ስም የመጣው ከጀርመናዊው የፈጠራ ባለሙያ አርቱር ፊሸር ሲሆን፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ፊሸርቴክኒክ የተባለውን መገጣጠሚያ የፈጠረውም ይኸው ሰው ነው። ኪቱ ከአውሮፓ ውጭ ብዙ አይታወቅም፤ እኔ ግን ሊታወቅ ይገባዋል ከሚሉት አንዱ ነኝ።

ጡቡ እንደ ሌጎ በጉብታ የሚጫን ሳይሆን በአንዱ ጡብ ጫፍ ያለው ምላስ በሌላው ጎን በተቀደደው ቦይ ውስጥ ተንሸራቶ የሚገባ ነው። በዚህ ምክንያት በስድስቱም ጎን መያያዝ ይችላል፤ ሲገጣጠምም ጠንካራ ነው። የፋብሪካ ማጓጓዣ መስመር፣ ክሬን ወይም ሊፍት በትንሹ ሠርቶ ለማሳየት የሚፈልግ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ወይም መምህር ከዚህ የተሻለ አያገኝም። መለኪያው 15 ሚሊሜትር ስለሆነ እሱም ቢሆን ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም።

ከመለዋወጫ አንጻር ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። የገመዶቹ ጫፎች ትንሽ ቡሎን ያላቸው መሰኪያዎች ናቸው፤ ሽቦውን ልጠው፣ አስገብተው፣ በቀጭን ካቻቪቴ ያጠብቁታል፣ በቃ። ገመድ ቢበጠስ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በተገዛ ቀጭን ሽቦ በአምስት ደቂቃ ይተካል። ሞተሮቹና መብራቶቹም በ9 ቮልት የሚሠሩ ቀላል ክፍሎች ስለሆኑ ያለ ኮምፒውተር በባትሪና በማብሪያ ማጥፊያ ብቻ መጀመር ይቻላል። ውድ የሆነው ክፍል መቆጣጠሪያው ነው፤ ስለዚህ እኔ የምመክረው መጀመሪያ ያለ መቆጣጠሪያ ያለውን የመካኒክ ኪት መግዛት፣ ከዚያም ቀጥሎ በማነሣው አርዱዊኖ ማዘዝ ነው። ሽቦ ለሽቦ የሚገናኝ ስለሆነ ለዚህ የተመቸ ነው።

አርዱዊኖና ማይክሮቢት ከጡብ ጋር

አርዱዊኖ በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሬያ ከተማ የተጀመረ፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። ንድፉ ክፍት በመሆኑ ማንም አምራች ተመሳሳዩን ሠርቶ ሊሸጥ ይችላል፤ ርካሽ የሆነውም በየከተማው የሚገኘውም ለዚህ ነው። ርካሾቹ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ ሲኤች340 የተባለ የዩኤስቢ ቺፕ ስላላቸው ኮምፒውተሩ ካላወቃቸው የዚህን ቺፕ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ትንሽ ፕሮግራም) መጫን ይበቃል፤ «ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚጣለው ሰሌዳ ብዙው ይህ ብቻ የጎደለው ነው። ማይክሮቢት ደግሞ ቢቢሲ በ2016 ለእንግሊዝ ተማሪዎች ያሠራጨው፣ መብራት፣ ቁልፍና የእንቅስቃሴ ሴንሰር በላዩ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ሲሆን፣ ጡብ በሚመስሉ ምስሎች ፕሮግራም ስለሚደረግ ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይቀላል።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሮቦት አካሉ ከፕላስቲክ ጡብ፣ ከላሜራ ወይም ከካርቶን ሊሆን ይችላል። እግሩ ብዙውን ጊዜ ቢጫው ሞተር ነው፤ ከ3 እስከ 6 ቮልት የሚሠራና አንድ ለአርባ ስምንት የሚቀንስ ማርሽ በውስጡ ያለው። የዚህን ሞተር ጫፍ ከሌጎ አክስል ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ማያያዣ ይሸጣል፤ የሌጎ ቀዳዳ ተሠርቶላቸው የሚወጡ ሰርቮ ሞተሮችም (ወደታዘዙበት ማዕዘን ዞረው የሚቆሙ) አሉ። ዓይኑ ከ2 ሴንቲሜትር እስከ 4 ሜትር ርቀት በድምፅ ሞገድ የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢቃጠል የሚተካው በአንድ ምሳ ዋጋ ነው።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉበት ቦታ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያደርሰው የሞተር ማሽከርከሪያ ሰሌዳ ነው። በየኪቱ የሚገኘው ኤል298ኤን ቺፑ አሮጌ በመሆኑ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ ኃይል በሙቀት መልክ ያባክናል። አራት ቻርጅ የሚደረጉ የባትሪ ድንጋዮች 4.8 ቮልት ይሰጣሉ እንበል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው ከ3 ቮልት ያነሰ ይሆናል፤ ሮቦቱም ምንጣፍ ላይ ይቆማል። ዲአርቪ8833 ወይም ቲቢ6612 የተባሉት ያነሱና አዲስ ሰሌዳዎች ይህን ያህል አያባክኑም፤ ዋጋቸውም የሚለያየው በጥቂቱ ነው። ሮቦቱ ሲደክም ባትሪ ከመጨመርዎ በፊት ይህን ይመልከቱ።

ለዚህ መንገድ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ሀብት አለ። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ከሚገኝ የተጣለ የኮምፒውተር ማተሚያ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ሞተር፣ የጎማ ቀበቶና ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይወጣል፤ ከአሮጌ ሲዲ ማንበቢያም እንዲሁ። ዕቃውን የሚበትነው ልጁ ራሱ ይሁን፤ እየበተነ ብዙ ይማራል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡትን የሊትየም ባትሪዎች ግን አይንኩ፤ ያለ መከላከያ ሰሌዳ ቻርጅ ሲደረጉ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ።

የሌጎ ሞተር ያላቸው ሰዎች ከ2021 ጀምሮ ራስፕበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን ቢልድ ሃት የተባለ ሰሌዳ መጠቀም ይችላሉ፤ አራት የስፓይክና የሮቦት ኢንቬንተር ዓይነት ሞተሮችና ሴንሰሮች ይሰካበታል። መቆጣጠሪያው የሞተበት ሞተሮቹ ግን ደህና የሆኑለት ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ

ተጨማሪ የሊትየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይወሰዳል። የተለመደው ገደብ 100 ዋት-ሰዓት ሲሆን፣ ለኢቪ3 በባትሪ ድንጋዮቹ ፋንታ የሚገባው የሊትየም ባትሪ 7.4 ቮልትና 2.05 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ 15 ዋት-ሰዓት ያህል ነው፤ ስለዚህ ችግር የለውም፤ ሆኖም ጫፎቹን በፕላስተር መሸፈን አይዘንጉ። ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀር ላይ «100-240» የሚል ቁጥር መኖሩን ያንብቡ፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት በሰከንድ ያቃጥለዋል። የአንድ ኪት ዋጋ በብር ሲሰላ ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እጅግ ስለጨመረ፣ የግዢውን ደረሰኝ መያዝና በጉምሩክ ሲጠየቁ ያለ ማመንታት ማሳየት ይገባል።

ሶፍትዌሩንም አስቀድሞ ማውረድ ያስፈልጋል። የአርዱዊኖው ፕሮግራም መጻፊያ፣ የስፓይክና የኢቪ3 የኮምፒውተር መተግበሪያዎች አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ መጫኛ ፋይላቸውን በፍላሽ ማስቀመጥ ኮምፒውተሩ በተቀየረ ጊዜ ያድናል።

ለማን የትኛው?

ለአንድ ልጅ፣ በቤት ውስጥ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላለው ቤተሰብ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ያገለገለ ኢቪ3 ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ባትሪው ከሱቅ፣ ኬብሉ ከሞተሩ የተለየ፣ ፕላስቲኩም በየቦታው የሚገኝ በመሆኑ ነው። ስፓይክ ፕራይም በአሠራሩ የተሻለ፣ ለትንንሽ እጆችም የቀለለ መሆኑን አልክድም፤ አዲስ ለመግዛት አቅሙ ያለውና ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ሞተርና አንድ ተጨማሪ ባትሪ አብሮ የሚያስመጣ ትምህርት ቤት ቢመርጠው ትክክል ነው። ሆኖም ልጁ ቀድሞ በሚሄድበት ማዕከል፣ ለምሳሌ ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ካቋቋማቸው ማዕከላት በአንዱ፣ የሚሠራበት ዓይነት ካለ ያንኑ መግዛት ይሻላል፤ ሲበላሽ የሚጠይቀው ሰውና የሚዋሰው ቁራጭ ያገኛልና።

ለሃያና ለሠላሳ ልጆች ክበብ፣ በጀቱም ጠባብ ከሆነ፣ በአንድ ስፓይክ ፋንታ ስድስትና ሰባት የማይክሮቢት ወይም የአርዱዊኖ ሮቦቶች መሥራት ይሻላል እላለሁ። አንድ ውድ ሮቦት በዙሪያው ሃያ ልጆች ሲኖሩ የሚነኩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ቆመው ያያሉ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ለሆነና መበየድ ለማይፈራ ወጣት ሁሉም ነገር ከአርዱዊኖ ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ፊሸርቴክኒክን ከጀርመን የሚያመጣለት ዘመድ ቢያገኝ ደግሞ እጥፍ ያተርፋል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከዋናው ኪት ጋር በዚያው ትዕዛዝ የሚገዛ አንድ ትንሽ የመለዋወጫ ሣጥን ይኑር። ለኢቪ3 የማዘጋጀው እንዲህ ነው፦ አንድ መቶ ጥቁር ፒን፣ ሠላሳ ረጅም ሰማያዊ ፒን፣ በየርዝመቱ አራት አራት ኬብል፣ አንድ ተጨማሪ ትልቅ ሞተር፣ ባለ 8 እና ባለ 24 ጥርስ ጎማ ስድስት ስድስት፣ አሥራ ሁለት ቻርጅ የሚደረጉ የባትሪ ድንጋዮች ከነቻርጀራቸው። ስድስቱ ሮቦቱ ውስጥ ሲሠሩ ስድስቱ ይሞላሉ። የሣጥኑን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር በማርከር ይጻፉበት፤ ከስድስት ወር በኋላ ፒኖቹ ሲሳሱ ለሚመጣው መንገደኛ የሚልኩት ያንን ፎቶግራፍ አንሥተው ነው።